ለአላሙራው ሌባ

ስማኝ አንተ ሸለምጥማጥ፣ ባለ ዥንጉርጉር ጅራት፣
አንተም እኔም አንድ ነን፣ ሥራችን ሲመሽ መውጣት።
አንተ ከአላሙራ ጥግ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ስትነሣ፣
እኔ ከዳቶ እወርዳለሁ፣ ካፖርት ደርቤ ኮሳሳ።

የምጠብቀው የሰው ነው፤ ሲሚንቶ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣
ሦስት ቁልፍ የወረደበት፣ በግንብ ዙሪያውን ታጥሮ።
የኔ ዶሮ ቤት ግን ያው፣ በእንጨት ርብራብ ቆሞ፣
መዝጊያው በሲባጎ ገመድ፣ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ።

ባለፈው ማክሰኞ ንጋት፣ ዳቦ ይዤ ስመለስ፣
ዲቦራ በሩ ላይ ቆማ፣ ዐይኗ እንባ ሳያፈስ፣
በመዳፏ ዘረጋችልኝ፣ የገብስማዋን ሦስት ላባ፤
«የሰው ስትጠብቅ፣ አባ፣ የኛን ቤት ደፈረው ሌባ።»

ምን ልበላት?
ዳቦው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ገብስማ ማለት ላንተ፣ አንድ እራት፣ አንድ ጉርሻ፣
ለኛ ግን ደብተር ነበረች፣ እስከ ፈተና ወር መድረሻ፣
ሳሙና፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ለባጃጅ የሚሆን ሳንቲም።
ይህን መች ታውቃለህ አንተ፣ ገበያ ወርደህ አታውቅም።

ምክር መቼም ነፃ ነው፣ ጎረቤት አልነፈገኝ፤
ጋሽ ሃመሶ «ውሻ ግዛ»፣ ጥሩነሽ «መርዝ በትን» አለችኝ።
መርዙን የሰው ድመት ቢበላውስ?
ልጅ ቢነካውስ? እንቢ አልኩ።

ላሚሶ ብቻ ምንም ሳይል፣ ከአሞራ ገደል መጣ፣
መረብ በትከሻው ጥሎ፣ የዓሣ ሽታ እያመጣ፤
አሮጌ ነው፣ ተቀዳዷል፣ ስንት ቆሮሶ አምልጦበታል፣
«ለሐይቁ አይሆንም» አለኝ፣ «ለሰማይ ግን ይበቃል።»

መረቡን ከላይ ዘረጋን፣ ለቀኑ ሌባ ለጭልፊት፣
ሽቦ ወንፊቱን ከጎን፣ ድንጋዩን ከሥር፣ ከበስተፊት፣
ክንድ ሙሉ ጉድጓድ ቆፍረን፣ መልሰን ጠቀጠቅነው፣
በሲባጎው ፈንታ ቁልፍ፣ ገዝተን አንጠለጠልነው።
አንድ አባ ኮዳ ያን ቀን፣ ከግራሩ ጫፍ ተቀምጦ፣
እንደ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ ሥራችንን አየ አፍጦ።

ቅዳሜ የዕረፍት ሌሊቴ ነው።
አልተኛሁም።

በገዛ ደጄ ዘብ ቆምኩ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ደመወዝ፣
ከሐይቁ የሚነፍሰው ብርድ፣ ጉልበቴን ሲያደነዝዝ።
ስምንት ሰዓት ላይ መጣህ፤ ቅጠል እንኳን አልነቃም፤
ባትሪዬን ሳበራብህ፣ ዐይንህ ነደደ እንጂ አልራቀም።

ቀጭን ነህ። ይህን አላሰብኩም።
የጎድን አጥንትህ ይቆጠራል።

መወርወር ነበር ዱላውን፤ እጄ ግን ዱላውን ረሳ፣
ልማድ ሆኖብኝ ፊሽካ ነፋሁ፣ ዳቶ በሙሉ ተነሣ።
ጋሽ ሃመሶ በቁምጣ፣ ጥሩነሽ ነጠላዋን ጠምዝዛ፣
ዶሮዎቹ ሲንጫጩ፣ ዲቦራ ሳቀች ሆዷን ይዛ።
አንተ ግን የለህም፤ አጥሩን ዘልለህ፣ ወደ አላሙራ፤
«ማነው? ሰው ነው?» ይሉኛል፤ ምን ብዬ ስምህን ልጥራ?

«ባልደረባዬ ነው» አልኩ።
ሳቁብኝ።

አልታረቅንም፣ ስማኝ፤ ገብስማ ዕዳ ናት ባንተ ላይ፤
መጋዘኑ አይጥ ሞልቶታል፣ እዚያ ና፣ ማንም ሳያይ።
በሩን ባልከፍትልህም፣ ፊሽካውን ግን አልነፋብህ፣
አይጥ በመዝገብ አልሰፈረ፣ ማነው የሚጠይቅህ?

አሁን ሥራ ላይ ነኝ።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«አባ፣ ቁልፉን ሁለቴ ሳብኩት።
ወሰራዋ ቆጡ ላይ ናት፣ ነጯም፣ አውራውም፣ ሁሉም።
ስድስት።
ያንተስ ሲሚንቶ፣ ስንት ነው?»